የቱንቢ አውራ ጣት

ማተሚያ ቤት ውስጥ አራት ነጥብ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሽማግሌው ወረቀት ቆራጭ ነው። ያን ቀን አንድ ሙሽራ የሠርግ መጥሪያውን ሊወስድ መጥቶ ላብ አጥምቆት ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ እሷ ግን የመጨረሻዋ አራት ነጥብ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ ብላለች ብላ ሥራውን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ላይ እንደገና ታስተካክላለች። ሙሽራው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ቀና ብላም አላየችው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ይቺን ተረት በቀን ሁለት ሦስቴ ካላለች የዋለች አይመስላትም። ያልታረመ ገጽ ከቤት አይወጣም የሚለው የማተሚያ ቤቱ ሕግ ነው፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ሕጉን ያከብሩታል፣ አራት ነጥብ ታመልከዋለች።

ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ግንበኛ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ቱንቢ ይሉታል። ሌላው ግንበኛ ገመድና ብረት አንጠልጥሎ የሚለካውን የግድግዳ ዘንበል ቀና፣ እሱ ባይኑ ብቻ ስለሚያውቀው ነው። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጣሪያ ያያል። እናታቸው «ይሄ ልጅ ሚስት አይተህ ና ቢሉት ኮርኒሱን አይቶ ይመለሳል» ትል ነበር። እንዳለችውም ሳያገባ አርባን ዘለለ፤ ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር አባታቸው በተዉላቸው አሮጌ ቤት ይኖራል።

አልፎ አልፎ «ከሥራ ቦታሽ ብጣሽ ወረቀት አምጪልኝ» ይላታል።

«ምን ሊያደርግልህ ነው ጋሼ?»

«ግድግዳ ላናግርበት።»

«ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አፍ አለው ሲሉ ገና አሁን ሰማሁ» ብላ ትስቅና ታመጣለታለች። ምን እንደሚያደርግበት ግን ደግማ አልጠየቀችውም። በቀልድ የተመለሰልንን ጥያቄ እንደተመለሰ መቁጠር የሁላችንም አመል ነው።

ቱንቢን ስትሮክ የመታው ሥራ ላይ እያለ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ከአንገቱ በታች የሚታዘዝለት የግራ እጁ አውራ ጣት ብቻ ነበረች። ሐኪሟ «ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያስባል፤ አንደበቱ ነው እምቢ ያለው» አለቻቸው። አራት ነጥብ ሆስፒታል ሳለች ይሄን እንደ መጽናኛ ቆጥራው ነበር። ክፋቱ የገባት ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው። ሁሉን የሚያስብ ሰው ያሰበውን ሁሉ ውጦ ተኝቷል።

ያልሞከሩት ነገር የለም። ዐይኑን በመጨፈን አዎ እንዲል ነገሩት፤ ሽፋሽፍቱ በገዛ ፈቃዱ ስለሚርገበገብ አዎና አይ ተደበላለቀባቸው። ፊደል እየጠሩለት አውራ ጣቱን እንዲያነሳ ሞከሩ፤ ጣቱ የምትነሳው የፈለገው ፊደል ካለፈ በኋላ ሆነ፣ እሱም ቶሎ ይዝላል። እናቱ የመጣላትን ትጠይቀዋለች፤ ራበህ? በረደህ? አባትህን በሕልምህ አየኸው? እሱ ሊናገር የፈለገው ነገር ከእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አልነበረም።

አንድ ቀን አራት ነጥብ ቁም ሳጥን ስታጸዳ የድሮውን የጌም ማሽን አገኘች። ቱንቢ በወጣትነቱ የገዛው ነው፤ ሁለቱም እናታቸው እስክትቆጣ ድረስ የመኪና እሽቅድምድም ይጫወቱበት ነበር። ለመጽናኛ ያህል ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችውና ጆይስቲኩን በግራ እጁ አስያዘችው። አውራ ጣቱ የአቅጣጫ ቀስቶቹ ላይ አረፈች። ከዚያም መኪናዋ ወደ ግራ ታጠፈች። እናትየዋ በእጇ የነበረውን ብርጭቆ ለቀቀችው፤ ስብርባሪውን የሚያነሳ አልነበረም፣ ሁለቱም እያለቀሱ ያቺን መኪና ያያሉ። ጣቱ መነሳት አያስፈልጋትም፣ መጫን ብቻ ነው፤ መቼ እንደምትጫን የሚወስነውም እሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ አራት ነጥብ ያሰበችው ይሄ ነው፤ የፊደል ገበታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይውጣ፣ ወንድሟ በቀስቶቹ እየሄደ ከፈለገው ፊደል ላይ ትንሽ ይቆይ፣ የቆየበት ፊደል ከታች ይጻፍ። ችግሩ ኮምፒውተሩ የማተሚያ ቤቱ መሆኑ ነው። ቤት ያለው ቴሌቪዥኑና ያ አሮጌ ማሽን ብቻ ነው። ማሽኑ ደግሞ ጨዋታ እንጂ ሌላ አያውቅም።

ከማተሚያ ቤቱ ጎን ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው አለ፤ በጎረምሳነቱ ጌም በሰዓት ያከራይ ነበር። ማሽኑን ገለባብጦ አየውና «እህቴ፣ ይሄ ኩሩ ነው» አላት። «ፋብሪካው ያላተመውን ዲስክ አይቀበልም። በሩ ዝግ ነው። ግን መስኮት አለው።»

መስኮቱን የከፈቱት ማንም ያላዘዛቸው ሰዎች ናቸው። በየአገሩ፣ በየጓዳቸው ቁጭ ብለው፣ ለዚህ ለተረሳ ማሽን የራሳቸውን ፕሮግራም የሚጽፉበትን መሣሪያ ሠርተው በነፃ በትነዋል። ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ የመኪና ጨዋታ አለ፤ ሚሞሪ ካርድ ላይ የተቀመጠውን የተጫዋች ስም ሲያነብ ርዝመቱን አይለካም። ስሙ ከልክ በላይ ሲረዝም ማሽኑ ይደናቀፍና ከስሙ ኋላ የተደበቀውን ፕሮግራም የራሱ መስሎት ያስነሳል። ጠጋኙ ሚሞሪ ካርዱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ገመድ ሠራላት። እሷ ደግሞ በምሳ ሰዓቷ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። ማተሚያ ቤቱ ሳቀባት፤ «አራት ነጥብ ጌም ጀመረች» ተባለ።

በዚያው ሰሞን ውሃ በፈረቃ ሆነ። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ውሃ ሳይኖረው እንዴት ይሆናል? እናትየዋ የውሃ ታንከር ገዝታ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰውዬው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ለመታጠቢያው ቅርብ የሆነው የቱንቢ ክፍል ነው፣ ታንከሩ ከእሱ በላይ ይሁን አለ። ግድግዳውና የጣሪያው ወራጅ ላይ የሚያርፍ የእንጨት ርብራብ መታበት።

«ይችለዋል?» አለች እናትየዋ።

«እማማ፣ የድሮ ቤት እኮ ነው። ዝሆን ይሸከማል።»

በዚያ ቤት ስለ ግድግዳ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ከርብራቡ ሥር ተኝቷል። መዶሻው በተመታ ቁጥር ዐይኑ ይፈጥጣል። እናቱ ጩኸቱ ረበሸው ብላ በሩን ዘጋችለት።

አራት ነጥብ ማሽኑ ላይ ነበረች። ሚሞሪ ካርዱን ትሰካለች፣ ጨዋታውን ታስነሳለች፣ «ቀጥል» የሚለውን ትመርጣለች፣ ቴሌቪዥኑ ይጠቁራል። ጠቁሮ ይቀራል። በማግስቱ አርማ ታመጣዋለች፤ እንደገና ይጠቁራል። ቱንቢ ያንን ጥቁር መስታወት ያያል፤ በውስጡ አልጋው፣ ግድግዳውና ጣሪያው ደብዝዘው ይታያሉ። እሷ ጥፋቱን በገዛ መስመሮቿ ውስጥ ፈለገች፤ የተገኘው ግን የካርዱ መሰኪያ ላይ ነው፣ ዝጎ ነበር። በአልኮል ጠረገችው። በቀጣዩ ሙከራ ሥዕል መጣ፤ መጣና እንደ ተፈታ ጥቅል ጨርቅ ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር። ፕሮግራሙ የተሰናዳው ለሌላ ዓይነት ቴሌቪዥን ነበር። አንድ ቁጥር ቀየረች፤ ሥዕሉ ረጋ። ጥቁሩ መሐል አንዲት ቀይ ነጥብ ቆመች፣ በወንድሟ አውራ ጣት ትዕዛዝም ወደ ቀኝ ሄደች። አራት ነጥብ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ግን በአንድ ጊዜ አይሠራም። ለጊዜው ብላ ጥቂት ቃላት አወጣችለት፦ ውሃ፣ ምግብ፣ አመመኝ፣ እማዬ፣ ውጭ። ቱንቢ ከሁሉም መርጦ የሚቆየው ውጭ ላይ ነው። ደስ አላቸው። በተሽከርካሪ ወንበር ግቢ ያወጡታል፣ ፀሐይ ያሞቁታል፣ መልሰው ያስገቡታል። ገና ጆይስቲኩን ሲያስይዙት ውጭ ይላል። አንዳንዴ እማዬ ይልና ውጭ ይላል።

«ዟሪ ሆነብሽ» አለች አራት ነጥብ ለእናቷ እየሳቀች።

«ፀሐይ ናፍቆት ነው፣ አንጀቴን በላው» አለች እናትየዋ፤ ከአልጋ ልብሱ ላይ ነጭ ብናኝ እያራገፈች ነበር። በዚያ ሰሞን በየጠዋቱ ታራግፋለች። ከጣሪያው ቋ የሚል ድምፅም ይሰማ ነበር፤ ድመት ናት ተባለ። የክፍሉ በር መጋፋት ጀመረ፤ እርጥበት ነው ተባለ። ለሁሉም ነገር ስም ተገኘለት።

ፊደላቱ እስኪደርሱ ጣቱ መንገዱን ይልመድ ብላ፣ አራት ነጥብ ትልቅ የፊደል ገበታ አትማ አልጋው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፈችለት። የመረጠችውም ቦታ በከንቱ አልነበረም፤ ልስኑ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፣ ዐይኗን ትወጋት ስለነበር ሸፈነቻት። በሳምንቱ ገበታው ከላይ ወደ ታች በሰያፍ ተቀደደ። ቅዳዱ የ«መ»ን ቤት ለሁለት ከፍሎ እስከ «ተ» ወርዷል።

አቤት ንዴቷ! ወረቀቱን ሰደበች፣ ሙጫውን ሰደበች፣ ወረቀት ያመጣውን ነጋዴ እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደበች። በወፍራም ወረቀት እንደገና አትማ፣ ዳር ዳሩን በደንብ ቀብታ ለጠፈች። እሱም ተቀደደ፤ በዚያው ቦታ። አንድ ነጥብ ፈቀቅ ስትል የምታይ ሴት፣ ሁለት ወረቀት በአንድ መስመር ሲቀደድ አየችና ወረቀቱን ወቀሰች። የተማረችው ወረቀት ነዋ።

ቱንቢ ገበታው ላይ ዐይኑን ተክሎ ይውላል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «አይዞህ ጋሼ፣ ሌላ አትምልሃለሁ» ትለዋለች እንባውን እየጠረገች። ሊነግራት የሚፈልገው ነገር እንዳለ ታውቃለች። ትልቅ ነገር እንደሆነም ታውቃለች፤ ሰው ለትንሽ ነገር እንደዚያ አያለቅስም። ለዚህም ነበር ፊደሎቹ እንከን እንዳይኖራቸው የፈለገችው።

እንከንማ ነበራቸው። ማሽኑ ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ጥቂት ነጠብጣብ ነው፤ በዚያ ውስጥ «ጨ» እግሩ ይጠፋል፣ «ሰ» እና «ስ» መንታ ይሆናሉ። ቢሆንም ሁሉም ተሥለው አልቀው ነበር። ገበታው ይሠራ ነበር። ጠጋኙ አይቶት «ይነበባል እኮ! ውሰጅለት» ብሏታል። እሷ «ዶሮ የጫረችው መስሎ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ፊደል ስታርም ከረመች። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ ከጉሮሮዋ አልወረደም።

እሑድ ጠዋት ውሃ መጣ። እናትየዋ ደስ ብሏት ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ታንከሩ ከላያቸው እየተንዶቀዶቀ መሙላት ጀመረ። አራት ነጥብ ሚሞሪ ካርዱን ሰካች። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ጠቁሮ ቆየ፣ ከዚያ የፊደል ገበታው ወለል ብሎ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ አንድ እግር ያልጎደለው። ጆይስቲኩን አስያዘችው።

«በል ጋሼ፣ የፈለግኸውን ተናገር።»

ቀይዋ ነጥብ መንገድ ጀመረች። «ወ» ላይ ቆመች። «ረ» ላይ ቆመች። አራት ነጥብ በእያንዳንዱ ፊደል ታጨበጭባለች፤ የምታነበው ቃሉን ሳይሆን የፊደሉን መልክ ነው። «ቱ»ን ሲጨርስ ዘለለች።

«ወረቀቱ! እማዬ፣ ወረቀቱ አለ! አዎ ጋሼ፣ ወረቀቱ ተቀዷል፤ ነገ ሌላ አመጣለሁ።»

እናትየዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ከላይ ውሃው ይሞላል። ቱንቢ አላቆመም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ግ»፣ «ድ»፣ «ግ»፣ «ዳ»፣ «ው»።

«ግድግዳው? ከግድግዳው ላይ ላንሳው?»

ነጥቧ ሄደች። «ተ»። «ና»። «ገ»። ከጣሪያው ቋ አለ። በዚህ ጊዜ የድመት አልመሰላትም። «ረ»።

ግድግዳው ተናገረ።

አራት ነጥብ ወደ ተቀደደው ገበታ ዞረች። ብጣሽ ወረቀቶቹ ትዝ አሏት፤ ዓመት ከዓመት ያመጣችለት፣ ምን እንደሚሠራባቸው ያልጠየቀችው። ለካስ ስንጥቅ ላይ ይለጥፋቸው ነበር፤ ወረቀቱ ደኅና ከሆነ ስንጥቁ የሞተ ነው፣ ወረቀቱ ከተቀደደ ግድግዳው እየሄደ ነው። እሷ ራሷ በገዛ እጇ ሁለቴ ለጥፋ፣ ሁለቴ መልስ አግኝታ፣ ሙጫውን ስትሰድብ ነበር። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ መልሱን ያነብ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይዋ ነጥብ አሁንም ትሄዳለች። «እ» ላይ ቆመች። «ማ» ላይ ቆመች።

«እማዬ ውጪ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ?»

«ውጪ አልኩሽ! እግሩን ያዢና ውጪ!»

ፍራሹን ከነወንድሟ ጎትታ ወለሉ ላይ ጣለችው። ጆይስቲኩ ከእጁ ተፈናጥሮ ቀረ። በሩ ጋ ሲደርሱ በሩ እምቢ አለ፤ ሰሞኑን ሁሉ ሲጋፋ ቆይቶ አሁን ጭራሽ ነከሰ። አራት ነጥብ በትከሻዋ ገጨችው፣ በእግሯ ረገጠችው፣ ሦስተኛው ላይ ከነማጠፊያው ወለቀ። ፍራሹን በደጃፉ ጎትተው ግቢው መሐል አደረሱት። እናትየዋ «ቧንቧውን ልዝጋ፣ ውሃው ይፈሳል» ብላ ልትመለስ ስትል ልጇ በቀሚሷ ጎትታ አስቀረቻት።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር። ከዚያ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተቀመጠ። አቧራው ሲገለጥ ታንከሩ አልጋው ላይ፣ የቱንቢ ትራስ በነበረበት ቦታ ጋደም ብሏል፤ ውሃው ከውስጡ እየተንዠቀዠቀ በፍርስራሹ መሐል ይወርዳል። ቴሌቪዥኑም ማሽኑም የሉም። ቧንቧ ሠራተኛው ከጎረቤት ጋር ሮጦ መጣና ራሱን ይዞ «የቤቱ ዕድሜ ነው፤ ዕድሜው ነው» ይላል። 

አራት ነጥብ ከወንድሟ ጎን ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ዐይኑ እናቱ ላይ ነው። አውራ ጣቱ ባዶ አየር ትጫናለች፤ ያቋረጠውን ቃል እየጨረሰ ይሁን ሌላ ይበል፣ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

አሁን የሚኖሩት ተከራይተው ነው፤ አንድ ክፍልና ትንሽ ጓዳ። ጠጋኙ የሆነ መጋዘን በርብሮ ሌላ ማሽን አመጣላት። ፕሮግራሙ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስለነበረ አልጠፋም፤ ግን አዲሱ ማሽን ዓይነቱ ትንሽ ይለያል፣ ያ ሁሉ የታረመ ፊደል ተኮማትሮ፣ እግር በእግር ተጠላልፎ ወጣ። እውነትም ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አራት ነጥብ ግን የዚያኑ ዕለት አምጥታ ሰካችለት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልታረመ ገጽ ከእጇ ወጣ።

ቱንቢ ጆይስቲኩን ይዞ ብዙ ቆየ። አይቸኩልም፤ ፊደሉን ለይቶ ማወቅ እንኳ ያስቸግረዋል። እሷ አላጨበጨበችም። ቃል እስኪሞላ ጠበቀች።

ከላይ ምን አለ አላት።

«ምንም የለም ጋሼ። አከራዩን ጠይቄዋለሁ፤ ምንም የለም ብሎኛል።»

ነጥቧ ተነሳች፣ ዞረች፣ ቆመች።

ወጥተሽ እዪ።

መሰላል ተውሳ ጣሪያው ላይ ወጣች። አየች። ምንም አልነበረም። ወርዳ ነገረችው፤ አላመናትም፣ ዐይኑን ወደ መስኮቱ ጎን አዞረ። ተከትላ አየች፤ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። እናትየዋ «ኧረ የባሰ አታምጣ» ብላ አማተበች። አራት ነጥብ ቦርሳዋን ከፍታ ብጣሽ ወረቀት አወጣች፣ ጠርዙን ቀባች፣ ስንጥቋ ላይ አቋርጣ ለጠፈችው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ፣ እንደምን አደርክ ከማለቷ በፊት ሁለቱም ያንን ወረቀት ያያሉ። እስካሁን አልተቀደደም።